የምጥ ዋዜማ

እናኑ ወደ እናቷ ቤት የመጣችው ወሯ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ባገሩ የቆየ ደንብ ነው። ባሏ ሐዲስ ከጎንደር እስከ ማክሰኝት በጭነት ማኪና፣ ከሾፌሩ ጎን አስቀምጦ አመጣት። ከማክሰኝት በላይ ላለው ዳገት አባቷ አያ አድማሴ በቅሎ ይዞ ወርዶ ጠበቃት። ሐዲስ ሚስቱን በቅሎዋ ላይ አደላድሎ ካስቀመጠ በኋላ በዚያው ማኪና ሊመለስ ሆነ። ወርኃ ጽጌ ነበር፤ እሱ፣ የጎንደር ቁስቋም የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ፣ በጽጌ ከማኅሌት ከቀረ ደብሩ ሁሉ «ምን ሆነ?» ይላል።

«በርቺ እንግዲህ» አላት።

«እኔ በርትቻለሁ፤ አንተ ድምፅህን ጠብቅ» አለችው።

እናኑ እንዲህ ያለች ናት። በዝግባ አምባ የሚያውቃት ሰው ሁሉ በጉልበቷና በልቧ ነው የሚያውቃት። ገና ልጅ ሳለች የክረምት ጎርፍ የጎረቤት ጠቦት ሲወስድ፣ ወንዶቹ ዳር ቆመው «ያዘው! ያዘው!» ሲሉ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ገብታ በጆሮው እየጎተተች አውጥታዋለች። ያን ቀን አባቷ ጋቢውን አውልቆ እላይዋ ላይ ጣለው። ጎንደር በተዳረች ጊዜም አገሩ ኮራ። ኮራ ማለት ግን አልቀናም ማለት አይደለም። አሁን ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳ በክንዷ አንጠልጥላ ከበቅሎ ስትወርድ ያዩ ሴቶች፣ «ከተማ አለስልሷታል» ተባባሉ።

እናቷ አበቡ ይህን ሁሉ አልሰማችም። አበቡ የምታስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አበቡ እናኑን የወለደችው በጠላት ዘመን ነው። ባሏ ጫካ ገብቶ፣ መንደሩ ተቃጥሎ፣ እሷ ሆዷን ይዛ ገደል ለገደል ስትሸሽ፣ ምጡ መንገድ ላይ ያዛትና ዋሻ ውስጥ ብቻዋን ተገላገለች። እጇን የሚይዝ፣ «ማርያም ማርያም» የሚላት ሰው አልነበረም። እትብቱን የቆረጠችው ከዋሻው ወለል ባነሣችው ባልጩት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልመጣላትም። ስለዚህ ልጇ ያረገዘች ዕለት፣ «የኔ ልጅ በምትወልድበት ቀን ዝግባ አምባ ውስጥ ቤቷ የምትቀር ሴት አትኖርም» ብላ ለማርያም ነገረች። ስለት መሆኑ ነው።

እናኑ በመጣች በሳምንቷ ገደማ፣ አንድ ጧት ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ ደጃፉ ላይ ሆዷ ድንገት ተሰበሰበ። ሕመም ማለት እንኳ አይደለም። ብቻ ከእንብርቷ ዙሪያ ተነሥቶ ሆዷ ባንድ ጊዜ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ፤ ሲነኩት ደንጊያ ነው። እንስራዋን እንዳዘለች ቆም አለችና ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

«ምነው? ምነው ልጀ?» አለች አበቡ ከማጀት ብቅ ብላ።

«ሆዴ ጠነከረብኝ።»

ሌላ አልተጠየቀም። አበቡ ነጠላዋን እየጎተተች ወጥታ፣ የግቢው ካብ ላይ ቆማ፣ «ኧረ ድረሱልኝ! ልጀን ምጥ ያዛት!» ብላ መንደሩን አናወጠችው።

መንደሩም ደረሰ። ሴቶቹ እንስራቸውን ባለበት፣ ሊጣቸውን በቡሃቃው ትተው መጡ። ወንዶቹ ከደጅ ካቡ ሥር ተቀመጡ። አዋላጇ እትየ አባይነሽ ከወንዝ ማዶ ሌላ ወላድ ዘንድ ስለነበረች፣ የሚያውቁትም የማያውቁትም ያዋልዱ ጀመር። አንዷ እናኑን ከኋላ ደገፈች፣ አንዷ እግሯን ያዘች፤ ሌሎቹ «ማርያም! ማርያም!» እያሉ ጎጆውን ሞሉት። አበቡ ደግሞ አይደክማት፤ የማርያም ገንፎ ከወዲሁ ይገንፋ ብላ ትልቁን ድስት ጣደች።

እናኑ መካከል ላይ ተቀምጣ ሆዷን ታዳምጥ ነበር። አንዴ ጠነከረ። ቆይቶ ሌላ ጊዜ ጠነከረ፤ ግን ከመጀመሪያው ሳሳ ያለ ነው። ከዚያ ብዙ ቆየ። ልጠይቅ ብትልም በዚያ ሁሉ ጩኸት ማን ይሰማታል? የሰዉ ሙቀትና «ማርያም ማርያም» የሚለው ዜማ ተደምሮ ዓይኗ ከበደ፤ ከደገፈቻት ሴት ደረት ላይ ራሷ ዘንበል አለ።

«እንዴ!» አለች ጎረቤቷ ውዱ፣ ወደ ፊቷ ጎንበስ ብላ እያየች። «አንኮራፋችኮ!»

ሣቅ ሆነ። ውዱ ምላሷ ከማጭድ የሰላ፣ ልቧ ግን ክፉ ያልሆነ፣ አምስት ወልዳ ያሳደገች ሴት ናት። ልጁ ባይመጣም ገንፎው መጥቷልና፣ ቅቤና በርበሬው መሐሉ ላይ ፈስሶ፣ ከብበው በሉት። ሲወጡ ውዱ ደጃፉ ላይ ዘወር ብላ፣

«ገንፎው ሸጋ ነበር አበቡ። ልጁን ደግሞ ሌላ ቀን እናየዋለን» አለች።

ያ በሣቅ አለፈ። ሁለተኛው ነበር የከፋው።

እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ። እናኑ ዳገቱን እየወጣች ሳለ ያው መወጠር መጣባት። ከእናቷ ልትሰውረው ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ያዘችና ስሕተት ሠራች። አበቡ ጮኸች። አሁንም መጡ፤ ግን ያን ያህል አልመጡም። የመጡትም ነጠላቸውን አላወለቁም። ቄስ ወልደኢየሱስ ከቤተ ክርስቲያን ሳይርቁ ተጠርተው ጸሎት ደግመው ጠበል ረጯት። ጠበሉ ፊቷን አቀዘቀዘው፤ ሆዷም ወዲያው ላላ። ቄሱ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ምንም የለም። «የማርያም ፈቃድ ሲደርስ ይሆናል» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ።

እናኑ ከጎጆው ጀርባ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ፣ ከካቡ ማዶ ሁለት ሴቶች ሲሄዱ ድምፃቸውን ሰማች።

«የጎንደር ምጥ ነው መሰለኝ። በማኪና ነው የሚመጣና የሚሄደው።»

«ያች ጎርፍ የገባች ልጅ! አሁን መርፌ እንደ ወጋት ሕፃን እሪ ታሰኛለች።»

እናኑ ውኃውን ከእጇ ላይ እንደ ያዘች ቆመች። ፊቷ ጋለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ወሰነች፤ ከእንግዲህ የመጣው ቢመጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ዝም ልትል። ልጁ እግሯ ሥር እስኪወድቅ ድረስ አንዲት ሴት እንኳ ላትጠራ።

እትየ አባይነሽ የመጣችው በማግስቱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቧ ያልጎበጠ አሮጊት ናት፤ ከማዶም ከወዲህም ስንቱን እንዳዋለደች እሷም ረስታዋለች። አበቡን ውኃ እንድታሞቅ ብላ ከቤት አስወጣችና እናኑን መደቡ ላይ አጋደመቻት። መዳፏን እሳት አሙቃ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ተቀመጠች፤ ልክ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው እንደሚቀመጥ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው እትየ?»

«ዝም በይ፤ ይመጣል።»

መጣ። ሆዷ ከመዳፉ ሥር ተሰብስቦ ጠነከረ። እትየ አባይነሽ ፊቷ እንኳ አልተለወጠም።

«ወገብሽን ያዘሽ?»

«የለም። እዚሁ ከፊት፣ ሆዴን ብቻ።»

«በግራ ጎንሽ ዙሪ። ይኼን ውኃ ጠጪ። በዝግታ።»

እናኑ ጠጣች፤ ዞረች። ጥቂት ሲቆይ ሆዷ እንደ ሊጥ ላላ። ሌላ ጊዜ እስኪመጣ ቢጠብቁ አልመጣም።

«አየሽ?» አለች አሮጊቷ። «ይኼ ምጥ አይደለም። ሕመምም አይደለም። ማሕፀንሽ ጉልበቱን እየሞከረ ነው። ወይፈን እርሻ ሳይገባ አይለማመድም? ቀንበር ለብሶ ባዶ ሜዳ አይዞርም? ይኼም እንደዚያው ነው። ሁሉም ሴት ታየዋለች፤ አንዳንዷ ሳታውቀው ያልፋል፤ አንዳንዷን እንዳንቺ እየጨመደደ ያስደነግጣታል።»

እናኑ ሆዷን ዳሰሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈረችበትም።

«ባሌ ትልቅ በዓል ሲደርስ ቀድሞ ዋዜማ ይቆማል» አለች ቀስ ብላ። «ዋዜማው በዓሉ አይደለም። ግን ያለ እሱ በዓሉ አይገባም።»

«እንግዲያው ገብቶሻል።»

«እውነተኛውን ግን በምን ልወቀው?»

እትየ አባይነሽ እግሯን አጣጥፋ ተመቻቸች። ስትናገር እንደ ቄስ አትሰብክም፤ እንደ ጎረቤት ነው የምታወጋው።

«ይኼኛው መላ ቅጥ የለውም። ሲያሻው ይመጣል፤ ሲያሻው ይቀራል። ስትሠሪ ከመጣ ተቀመጭ፤ ተቀምጠሽ ከመጣ ተነሥተሽ ተራመጂ፤ ውኃ ጠጪ፤ ሽንትሽን አትያዢ። ይለቅሻል። እውነተኛው ብትቀመጭም ብትነሺም አይለቅሽም። ከወገብሽ ይነሣል፤ በጎንሽ ዞሮ ወደ ፊት ይመጣል። ሄዶ ሲመለስ የኋለኛው ከፊተኛው ይጠናል፤ መካከሉ ደግሞ እያጠረ፣ እያጠረ ይሄዳል። ያን ጊዜ ወሬ ማውራት ያቅትሻል። ያን ጊዜ ጥሪኝ።»

«እሽ።»

«እንደገና ስሚኝ። ውኃው ከፈሰሰሽ፣ ደም ካየሽ፣ ወይም ልጁ መንፈራገጡን ከተወ ይኼን ሁሉ አትመርምሪ። ያኔውኑ ላኪብኝ። ካልሆነም ማኪና መንገድ አውርደን ጎንደር ሐኪም ቤት እናደርስሻለን።»

እናኑ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ልቧ ውስጥ ያለው ሳታስበው ወጣ።

«እኔስ ከእንግዲህ ጥርሴን ነክሼ ዝም ልል ነበር።»

አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ለምን?»

«እየሣቁብኝ ነው።»

«ዝም ማለት ጀግንነት መስሎሽ? ዝም ያለች ሴት አውቃለሁ። ሣቁብኝ ብላ ብቻዋን ጎተራ ሥር ወለደች፤ ደሟ ሲፈስ ሰው አልነበረም። ዛሬ ልጇን አያቱ ናት የምታሳድገው።» እትየ አባይነሽ ተነሣች። «ጀግና ማለት ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ የሚያውቅ ነው። አባትሽን ጠይቂው፤ አርበኛ አይደል?»

እናኑ አባቷን አልጠየቀችም፤ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆዷን እንደ አገር ጠበቀችው። ልብስ ስታጥብ ቢመጣ ተቀመጠች፤ ለቀቃት። ቁጭ ብላ ጥጥ ስትፈትል ቢመጣ እንዝርቱን አስቀምጣ ግቢውን ዞረች፤ ለቀቃት። ውኃ ሳትጠጣ በዋለችበት ቀን እንደሚበረታ፣ ሸክም ካነሣች እንደሚነሣሣ፣ ልጁ አጥብቆ ሲራገጥ ተከትሎ እንደሚመጣ አወቀች። ማንም ያልነገራትንም አወቀች፤ ሊመጣ ሲል አንገቷ ላይ ቅዝቃዜ ቢጤ ይሰማታል። ሲያልፍ ደስ ይላት ጀመር። ሰውነቷ ከእሷ ተደብቆ የሚሠራው ሥራ መስሏት የነበረው፣ ለካ ለእሷው እየነገራት ኖሯል።

አበቡ ግን ገና አላመነችም። አንድ ከሰዓት በኋላ እናኑ ምሰሶውን ይዛ ቆም ስትል አይታ ወደ ካቡ ልትሮጥ ተነሣች።

«ቁጭ በይ እማየ» አለቻት እናኑ። «አይደለም። እጅሽን አምጪ።»

የእናቷን እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። አበቡ ሆዱ ሲጠነክር ተሰማትና ዓይኗ ፈጠጠ። እናኑ እጇን አለቀቀችውም። ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ጥቂት በጥቂት ላላ።

አበቡ ለረጅም ጊዜ እጇን አላነሣችም።

«እኔንም ይዞኛል እኮ ይኼ» አለች በመጨረሻ። «አገሩ ሲቃጠል፣ ስንሸሽ፣ ሆዴ እንዲህ እየሆነ ያቆመኝ ነበር። ፍርሃት ነው ብየ… ፍርሃቴ ሆዴን ያደረቀው መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ፈሪ መሆኔ ነው የሚመስለኝ።»

እናኑ እናቷን አቀፈቻት። ሆዷ ትልቅ ስለነበረ በጎን ነው ያቀፈቻት። አበቡም ካብ ላይ መውጣቷን ያን ቀን ተወች።

የቁስቋም በዓል አልፎ ጤፉ ደረሰ። አያ አድማሴ ደቦ ጠርቶ የወንዝ ዳሩን ማሳ ሊያሳጭድ ሆነ። መንደሩ ሁሉ ወረደ፤ ወንዶቹ በረድፍ ገብተው ያጭዳሉ፤ ሴቶቹ ነዶ ይሰበስባሉ፤ እናኑ ከማሳው ጥግ ወይራ ሥር ተቀምጣ ለተጠማ ጠላ ትቀዳለች። ቤት ዋይ ቢሏትም እምቢ ብላ ነው የመጣችው።

ከጧት ጀምሮ ወገቧ ነገር ነበረው። የበቅሎ ኮርቻ እንደ ዋለበት ወገብ ዓይነት፣ ድካም መሰለኝ ብላ አለፈችው። ፀሐዩ ከረር ሲል ግን ከወገቧ ተነሥቶ፣ በሁለቱ ጎኗ ዞሮ፣ እንብርቷ ሥር ተገናኘ። የቀደመው ዓይነት አይደለም። አንገቷ ላይም ቅዝቃዜ አልነበረም።

ውኃ ጠጣች። በግራ ጎኗ ጋደም አለች። ተመልሶ መጣ። ተነሥታ የማሳውን ጠርዝ እየተከተለች ተራመደች። እሱም ከእሷ ጋር ተራመደ። ተመልሳ ወይራው ሥር ቆመችና አጫጆቹን ማየት ያዘች። ረድፉ ከታች ካቡ ተነሥቶ ወደ እሷ እያጨደ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ረድፉ እሷ ዘንድ ደርሶ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ ተመልሶ እስኪወርድ ፋታ ነበራት። ቀጥሎ ረድፉ ደርሶ ሳይጠጣ ያዛት። ከዚያ ማሳው መካከል ሳለ ያዛት። አንዱ አጫጅ ዋንጫ ሲቀበላት «እግዜር ይስጥሽ» ቢላት፣ መልስ ለመስጠት አፏን ከፍታ ቃል አጣች።

እናኑ ዋንጫውን አስቀመጠች። በጆሮዋ ውስጥ የእነዚያ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ፣ የውዱ ሣቅ፣ ሁሉም ነበረ። አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ዝም ብየ ወደ ቤት ልሂድ የሚል አሳብ መጣባት። ቀና አለች፤ ደረቷን ነፋችና ማሳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«እማየ! ዛሬ ነው!» አለች።

ማጭዶች ቆሙ። ነዶ የተሸከሙት ዘወር አሉ።

«ኧረ ተው!» አለች ውዱ፣ ወገቧን ይዛ። «ገንፎውን እንጣድ ወይስ በመጀመሪያ ትተኛልን?»

ሣቁ ከጫፍ ጫፍ ሄደ። እናኑ ትንፋሿን ሰብስባ እስኪያልፍላት ጠበቀች፤ ካለፈላት በኋላም ፈገግ አለች።

«ጣጂ፣ እትየ ውዱ። ዛሬ ሳትበይ አትሄጅም።»

አበቡ ነዶዋን ጥላ እየሮጠች መጣች። «ልጀ፣ እርግጥ ነው? እርግጥ ነው?»

«እርግጥ ነው እማየ። ከወገቤ ነው የሚነሣው። ጠጥቼም፣ ተኝቼም፣ ዞሬም አልተወኝም። እየቀረበ ነው፤ እየጠናም ነው። ለእትየ አባይነሽ ይላክ። አንቺ ግን አትጩሂ፤ ጊዜ አለን።»

«ወይ ጉድ!» አለች ውዱ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!»

ይህ ተረት ሲነገር ሁሉም የሚሥቅበት ነው፤ ሣቁም። አበቡ ግን ዞር አለች። አበቡ በዝግባ አምባ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር፣ ለእርዳታ ካልሆነ በቀር፣ የሰማት አልነበረም።

«አዎን፣ አስተማረችኝ!» አለች። «እኔን ማን አስተማረኝና? አያቴ? አክስቴ? ዋሻ ውስጥ ባልጩት ይዤ ብቻየን የወለድኋት ልጅ፣ ቆማ፣ ሳትደነግጥ፣ ‹ዛሬ ነው› ስትለኝ ሰማችሁ? እንዲህ ያለች ልጅ መውለዴን ነው የምነግራችሁ። የምትሥቁ ሣቁ፤ እኔ ልጀን ይዤ ልሂድ።»

ማንም አልሣቀም። አያ አድማሴ ማጭዱን መሬት ላይ ሰክቶ፣ ላቡን በጋቢው ጠርዝ ጠርጎ፣ ማዶ ያለችውን እትየ አባይነሽን ሊያመጣ ወደ በቅሎው ሄደ። ወንዙን ሲሻገር የተመለከቱት ሰዎች፣ ያን ዓይነት ግልቢያ ከጠላት ዘመን ወዲህ አላየንም አሉ።

ወንዶቹ አልጋ አምጥተን እንሸከማት ቢሉ እናኑ አልፈቀደችም። ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ሲይዛት በእናቷ ትከሻ ላይ ትደገፍና አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ሲለቃት ትራመዳለች። ከመንገዱ መካከል ላይ በሌላው ጎኗ አንድ ጠንካራ ክንድ ገባ። ውዱ ናት።

«ልያዝሽ» አለች ሳታያት። «ዳገቱ እንኳን ላንቺ ለጤነኛም ከባድ ነው።»

«እትየ ውዱ፣ ገንፎውስ?»

«ምራቴን ልኬ አስጥጃለሁ። ዝም ብለሽ ተራመጂ።»

ቤት ሲደርሱ ሴቶቹ ሁሉ ከኋላ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ሌላ ነው፤ እናኑ ስትታገል ዝግ ይላል፣ ስታርፍ ይነሣል። እትየ አባይነሽ በበቅሎ ደርሳ ስትገባ መጀመሪያ የጠየቀችው እናኑን ነው፤ ሌላ ሰው አልጠየቀችም። እናኑም ከየት እንደ ጀመረ፣ መካከሉ እንዴት እንዳጠረ፣ ውኃዋ ዳገቱ ጫፍ ላይ እንደ ፈሰሰና ንጹሕ እንደ ነበረ፣ ልጁም እስካሁን እንደሚራገጥ ነገረቻት። አሮጊቷ እጇን ታጥባ፣ ዳብሳ፣ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እኔ የምጨምረው የለኝም። ሁሉንም ነግራኛለች። ልጁ መንገድ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነበር ብሎ የሚያወራ ወልዶ የማያውቅ ነው። ዋዜማው ከበዓሉ ጋር ምኑም አይገናኝም። ወገቧ በሁለት በኩል የሚጎተት መሰላት፤ ጥርስ መንከስም አልሞከረች፤ ድምጿን ለቀቀችው፤ ጎጆው ሙሉ ሰማው፤ ከደጅ የተቀመጡት ወንዶችም ሰሙት፤ አላፈረችም። አንድ ጊዜ «አልችልም!» አለች። እናቷ ግንባሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ «ስትችይ ነው የዋልሽው» አለቻት። ከፊት እትየ አባይነሽ፣ ከኋላ ውዱ፣ በቀኝ አበቡ። «ማርያም! ማርያም!» የሚለው ድምፅ ጣራውን አነሣው። ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ሳትደርስ፣ የደቦው ሰው ነዶውን ገና ሳይከምር፣ ልጅቱ ወጣች፤ ወጣችና ሳትመታ፣ ሳትነቀነቅ፣ ተቆጥታ አለቀሰች።

«ሴት ናት» አለች እትየ አባይነሽ። እትብቱን በታጠበ ምላጭ ቆርጣ በክር አሰረችው። አበቡ ምላጩን አየችው፤ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ቦታ ሄዳ ተመለሰች፤ ከዚያ ሕፃኗን ተቀበለች።

ለሴት ልጅ እልልታው ከወንዱ ያንሳል፤ ደንቡ ነው። ሴቶቹ ደንቡን አድርሰው ዝም ሲሉ ውዱ ግን አላቆመችም። ብቻዋን ቀጠለች፤ ትንፋሿ እስኪያጥር፣ እልልታው ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ። «ምነው ውዱ፣ አለፍሽው እኮ» ሲሏት፣ «የልጅቱስ እናት ያለፈችበት አልታያችሁም?» ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ቀጥላም ወደ መደቡ ጎንበስ ብላ፣

«ማርያም ጭንሽን ታሙቀው፤ እንኳን ማረችሽ» አለቻት። «ጎንደር አላለሰለሰሽም።»

እናኑ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታያት ነበር። ድካሟ እንደ ጎርፍ ከላይዋ ላይ ያልፋል፤ ከሥሩ ግን የሆነ ጠንካራ ነገር ቆሟል፤ የሆነ፣ ከእንግዲህ ማንም የማይወስድባት። ዛሬ ማንም ሳይነግራት አውቃዋለች። ተናግራለች። ተናግራም ትክክል ሆናለች።

የምሥራቹ ለአያ አድማሴ በደጅ ደረሰው። ከካቡ ሥር ተነሥቶ ወደ ጎጆው ጀርባ ሄደ። ሲመለስ ምንሽሩን ይዟል።

«አያ አድማሴ፣ ሴት ናት እኮ» አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያልሰማ መስሏቸው። ጥይት የሚተኮሰው ወንድ ሲወለድ ነው።

«ሰማሁ» አለ አያ አድማሴ።

ምንሽሩን ወደ ሰማይ አነሣና ተኮሰ። ድምፁ ሸለቆውን ዞሮ ከማዶው ገደል ተመለሰ። ከወንዙ ማዶ ከብት የሚያስገባ ሰው መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«ምንድን ነው? ወንድ ተወለደላችሁ?»

«የእናኑ ልጅ ናት!» ሲል አያ አድማሴ መለሰለት። ሰውየው «ማን?» ሳይል አልቀረም፤ ነፋሱ ወሰደው። አያ አድማሴ ግን ለሰውየው ገብቶት እንደሆነ አልጠበቀም፤ መዝጊያውን ስቦ ሌላ ጥይት አጎረሰ።

«አባየ፣ ተው! ታስደነግጣታለህ!» አለች እናኑ ከውስጥ፤ ይህን ያለችው ግን እየሣቀች ነበር።

ሁለተኛው ተኩስ ከጎጆው በላይ አለፈ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሕፃኗ ዞረው አዩ። እሷ አንዲት ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም፤ አፏን አሞጥሙጣ እንቅልፏን ቀጠለች። እናኑም ሐዲስ ከቁስቋም ሲመጣ ከሁሉ አስቀድማ የምትነግረው ይህንኑ እንደሆነ በልቧ ያዘች።